ሃያቡሳ በቤልትዌይ፦ ከባድ ስፖርት ሞተር ይዞ በየቀኑ ትራፊክ ውስጥ መግባት

ሰው ሞተሬን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ማንም «ሲቆም እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የእኔ ኑሮ ግን እዚያ ላይ ነው።

የምኖረው ማሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራው ደግሞ ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ነው፤ ሁለቱም ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ናቸው። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ ከባድ ዝናብ ካልጣለ በስተቀር፣ የምመላለሰው በሱዙኪ ሃያቡሳ ነው። በየቀኑ ዋሽንግተንን የሚዞረው ፈጣን መንገድ ቤልትዌይ፣ በየቀኑ ሁለቱን ግዛቶች የሚያገናኘው የአሜሪካን ሌጅን ድልድይ፣ በየቀኑ ያ የማያልቅ ሰልፍ። ፍጥነቱን ማንም ሰው ማምጣት ይችላል፤ ቀኝ እጅን ማዞር ነው። በሰዓት 5 ማይል ከመኪና ኋላ እየተሳቡ መሄድ፣ ተዳፋት ላይ መቆም፣ ጠባብ ፓርኪንግ ውስጥ መዞር ግን ልምምድ ይጠይቃል። እዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ የሀበሻ ልጆች ከባድ ሞተር እየገዙ ስለሆነ እኔ ያወቅሁትን ልንገራችሁ። እህቶችም እየነዱ ነው፣ ለሁላችሁም ነው።

መጀመሪያ የምናወራው ስለ ምን ዓይነት ሞተር እንደሆነ እንግባባ። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ሞተር ስንል ትዝ የሚለን የ125 ወይም የ150 ሲሲው ነው። ሰው በአንድ እጁ ይዞ አዙሮ ያቆመዋል። ሃያቡሳ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ 1,299 ሲሲ ነበር፣ ከ2008 ጀምሮ 1,340 ሆነ። የብዙ ትናንሽ መኪናዎች ሞተር ያክላል ማለት ነው። የእኔ የ2014 ሞዴል ነው፤ ቤንዚንና ዘይቱን ጨምሮ 266 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ በላይ በሁለት ጎማ ላይ ቆሞ አስቡት። አንደኛ ማርሹ ብቻ በማሪላንድ ቤልትዌይ የተፈቀደውን 55 ማይል አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤት እስከ ሥራ ባለው መንገድ ሞተሩ ካለው አቅም የምትጠቀሙት ትንሿን ነው። ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ካልተቀበላችሁ አትግዙ። በየቀይ መብራቱ ሕግና እጃችሁ ይጣላሉ።

ሃያቡሳ የመጀመሪያ ሞተራችሁ አይሁን። ይህን ስል ሰው ይቀየመኛል፣ ግን አልመለስበትም። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የመንገድ ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ በተመዘገቡት ሞተሮች ቁጥር ሲሰላ፣ ሱፐርስፖርት የሚባሉትን የውድድር ሞተር ቅጂዎች የሚነዱ ሰዎች ሞት ሌላ ዓይነት ሞተር ከሚነዱት ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ሞተሩ በራሱ ሰው አይገድልም ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ግን ትንሽ ሞተር ላይ ስህተት ስትሠሩ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ትማራላችሁ። ትልቁ ላይ ያው ስህተት ፊት ለፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያጋጫችኋል። አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት፣ ከ300 እስከ 650 ሲሲ ባለው ቆዩ።

መንጃ ፈቃዱ ክላስ ኤም ነው፤ የመኪናው አይበቃም። የቅዳሜና እሁዱን የጀማሪዎች ኮርስ ውሰዱ። ማሪላንድም ቨርጂኒያም ኮርሱን ካለፋችሁ የመንዳት ፈተናውን ያስቀርላችኋል። ትንሽ ሞተር ይሰጧችኋል፣ ፍሪሲዮን ከመልቀቅ ጀምሮ ያስተምሯችኋል። እኔ ሀገር ቤት ነድቻለሁ ብዬ ልተወው ነበር። ደግነቱ አልተውኩትም፤ ለዓመታት በልምድ ስሠራው የነበረ ስህተት እዚያ ነው የታረመልኝ፦ በድንጋጤ ጊዜ የኋላ ፍሬን ብቻ መርገጥ።

ያገለገለ ሲገዛ

አዲስ ለመግዛት አቅም ካላችሁ ግዙ፣ እኔ አልነበረኝም። ያገለገለ ሃያቡሳ ስትፈልጉ አንድ ነገር ከሁሉ በፊት እዩ። ብዙዎቹ ለቀጥታ ሩጫ ተብለው የኋላ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ተረዝሞ፣ ሞተሩም ወደ መሬት ዝቅ ተደርጎ ታገኟቸዋላችሁ። ሲያዩት ያምራል። ትራፊክ ውስጥ ግን መታጠፍ ይከብደዋል፣ በየፍጥነት መቀነሻው ሆዱን ይላጣል። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለውን ፈልጉ። ከ2013 ወዲህ ያለው ኤ ቢ ኤስ፣ ማለትም በድንገት ስትቆሙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን፣ አለው፤ ለከተማ መንዳት ከፈለጋችሁት እሱ ላይ አትደራደሩ።

ሻጩን «ከመምጣቴ በፊት እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቃዛ ሆኖ አልነሳ የሚል ችግር ሊኖረው ይችላል። የመሪውን ጫፍ፣ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጀታ ጫፍ፣ የእግር መርገጫውን ተመልከቱ፤ ወድቆ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዙራችሁ የሚያስቆመው ብረት እንዳልተጎዳ እዩ። ያ ብረት ከተሰበረ ወይም ከተጣመመ አደጋው ቀላል አልነበረም። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ «ሳልቬጅ»፣ ማለትም ክፉኛ ተጎድቶ ኢንሹራንስ የጣለው፣ የሚል ካለ ተመለሱ። የሻንሲ ቁጥሩን የፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው እንዲጠገን የጠራው ጉድለት) እንዳለበት በነፃ ታያላችሁ።

ኢንሹራንሱን ደግሞ ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ በሻንሲ ቁጥሩ፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ አስጠይቁ። አንድ ወዳጄ ሞተሩን ገዝቶ ቤቱ ካመጣው በኋላ ነው የጠየቀው። ዕድሜው 24 ነበር። የነገሩት ዋጋ ከወር ደመወዙ ጋር የማይሄድ ስለነበር ሞተሩን በሁለተኛው ወር ሸጠው።

ዝግታ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሞተሬን የጣልኩት አንድ ጊዜ ነው፣ የጣልኩትም ልቆም ስል ነው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነበር። ከማደያው ልወጣ በቀስታ ወደ ግራ እየዞርኩ እያለ አንድ መኪና ፊቴ ገባ። መሪው እንደተጣመመ የፊት ፍሬኑን ጨመቅሁት። ሞተሩ በአንዴ ወደ ግራ ተኛ። ልይዘው ሞከርኩ፤ 266 ኪሎ አንዴ ካዘነበለ በኋላ ግን ማንም አይይዘውም፣ እንዲያውም ለመያዝ መታገሉ ነው ጉልበትና ወገብ የሚያበላሸው። ከጎን ነዳጅ ይቀዱ የነበሩ አንድ ሀበሻ አባት ሮጠው መጡ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንተ ተርፈሃል፣ ብረቱ ይጠገናል» አሉኝ። ብረቱን አብረን አነሳነው። እሳቸው እስኪሄዱ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን የያዝኩት ሕግ ይህ ነው፦ መሪው ከታጠፈ የፊት ፍሬን አይነካም። በዝግታ ስትዞሩ የምትቆጣጠሩት በሦስት ነገር ነው፤ በግማሽ ፍሪሲዮን፣ በትንሽ ነዳጅ፣ በኋላ ፍሬን። ነዳጁን ሳታወዛውዙ አንድ ቦታ ያዙት። ፍሪሲዮኑን መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በጣታችሁ ጨመር ቀነስ እያደረጋችሁ ግፊቱን መጥኑት። የኋላ ፍሬኑን በስሱ ርገጡ። ሞተሩ እየጎተተ ፍሬኑ እየያዘው ሲሄድ ገመድ እንደተወጠረ ቀጥ ይላል። ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል ብላችሁ አትስጉ፤ በዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ልከኛ ግማሽ ፍሪሲዮን ይችላል። ተዳፋት ላይ ለደቂቃዎች በግማሽ ፍሪሲዮን ተይዞ መቆም ግን የለበትም፤ ያኔ የኋላ ፍሬን ርገጡ።

ዓይናችሁን ደግሞ ከጎማው ፊት አንሱ። ወደ መሬት ካያችሁ ወደ መሬት ትሄዳላችሁ። ልትደርሱበት የምትፈልጉትን ቦታ አንገታችሁን አዙራችሁ እዩ፤ ሞተሩ ዓይናችሁን ተከትሎ ይዞራል። ይህ ወሬ ይመስላል፣ ባዶ ፓርኪንግ ላይ ሞክሩት።

እኔ አሁንም በወር አንድ እሁድ ከሰዓት ሰፊ ባዶ ፓርኪንግ እሄዳለሁ። በሁለት የመኪና ማቆሚያ ስፋት ውስጥ ስምንት ቁጥር እሠራለሁ። በመራመድ ፍጥነት ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ከዚያ በ20፣ ቀጥሎም በ30 ማይል እየመጣሁ በሙሉ ኃይል እቆማለሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሞተሩን የለመደው ሰው እንኳ ከክረምት በኋላ ሲመለስ እጁ ይረሳል፤ የእኔ ይረሳል።

ከወደቀ ደግሞ አነሳሱን እወቁ። ሞተሩን አጥፉ። ማርሽ ውስጥ ይሁን፣ እንዳይንሸራተት። በቀኝ በኩል ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ስታነሱት በግራ እንዳይደገም። መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጀርባችሁን ለሞተሩ ስጡና መቀመጫችሁን ከመቀመጫው ጋር አስጠጉ፣ አንድ እጅ መሪውን፣ አንድ እጅ የኋላውን ጠንካራ ብረት ይያዝ። ከዚያ በእግራችሁ ወደ ኋላ እየረገጣችሁ በትንንሽ እርምጃ ግፉት። ወገባችሁ ቀጥ ይበል። ጎንበስ ብላችሁ ከላይ አትጎትቱ።

ስታቆሙም አስቡ። አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጋችሁ ካቆማችሁት ወደ ኋላ መግፋት አትችሉም፣ የኋላ ማርሽ የለውም። ኋላውን አስገብታችሁ አፍንጫው ወደ መውጫው ይሁን። በበጋ የጋለ አስፋልት ይለሰልሳል፣ የጎን መቆሚያው እየሰመጠ ሞተሩ ይወድቃል። እኔ የተጨፈለቀ የቆርቆሮ ጣሳ ኪሴ ውስጥ አለኝ፣ ከሥሩ አደርገዋለሁ።

መኪና መሀል

ሞተረኛን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የራሱ ፍጥነት ብቻ ይመስለናል። የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ ከባልደረቦቹ ጋር መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥቶ ነበር። ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያውን የከለከለው ባለመኪናው ነበር። ዋናው ደግሞ ከፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ነው። ዘመኑ ቢርቅም ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ሳምንት የነዳ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል።

ባለመኪናው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሞተር ጠባብ ነው። ቀጥታ ወደ እናንተ የሚመጣ ጠባብ ነገር ለረጅም ጊዜ መጠኑ አይለወጥም፣ ቆሞ ይመስላል። ከዚያ ድንገት ይተልቃል። ሰውየው «አላየሁትም» ሲል እውነቱን ነው። ስለዚህ እንዲያየን መርዳት የእኛ ሥራ ነው። ወደ መስቀለኛ ስትቃረቡ ወደ ግራ ለመታጠፍ የቆመ መኪና ካለ፣ ነዳጁን ልቀቁ። ሁለት ጣት ፍሬን ላይ ይሁን። በሌናችሁ (በመንገድ መስመራችሁ) ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ ተንቀሳቀሱ፤ ወደ ጎን የሚሄድ መብራት ዓይን ይስባል። የሹፌሩን ዓይን አትመኑ፣ ወደ እናንተ እያየም ላያያችሁ ይችላል። የፊት ጎማውን እዩ። ጎማው መንከባለል ከጀመረ መኪናው ወጣ ማለት ነው።

ሌን ውስጥ መሀሉን አትውደዱ። መስቀለኛ አካባቢ መሀሉ ላይ የመኪና ዘይት ይንጠባጠባል፣ ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንደ ሳሙና ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከፊቴ ያለው መኪና የግራ ጎማ በሚሄድበት መስመር ነኝ፤ በስፖኪዮው ያየኛል፣ እኔም ከፊቱ ያለውን አያለሁ። በቀኝ ከጭነት መኪና ጋር ስጎራበት ራቅ እላለሁ። ጎን ለጎን መቆየት የለም፤ ወይ ይታለፋል ወይ ኋላ ይቀራል። ሹፌሩን በስፖኪዮው ካላያችሁት እሱም አያያችሁም።

ከፊት መኪና ያላችሁ ርቀት በሰከንድ ይቆጠር። በ60 ማይል በአንድ ሰከንድ 88 ጫማ፣ ወደ 27 ሜትር ትሄዳላችሁ። ሁለት ሰከንድ ትንሹ ነው፣ እኔ ሦስት እይዛለሁ። እርግጥ ያችን ክፍተት አይቶ የሚገባ መኪና አይጠፋም። ይግባ። ነዳጁን ትንሽ ለቀቅ አድርጉና እንደገና ሦስት ሰከንድ ሥሩ። ቤልትዌይ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ሊገቡባችሁ ይችላሉ፣ ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ትዘገያላችሁ።

ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ ከፊት መኪናው ሙሉ መኪና የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ወደ አንዱ ጎን ፈንጠር በሉ። አንደኛ ማርሽ ላይ ሆናችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ፣ ዓይናችሁ ስፖኪዮው ላይ ይሁን። ከኋላ የሚመጣው ፍጥነቱን ካልቀነሰ ፍሬናችሁን ነካ ለቀቅ እያደረጋችሁ መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጉ፣ ካልሆነም በተዋችሁት ክፍተት ውጡ። ከኋላችሁ አንድ ሁለት መኪና ቆመው ከሸፈኗችሁ በኋላ ኒውትራል አድርጋችሁ ግራ እጃችሁን ማሳረፍ ትችላላችሁ።

በመኪኖች መሀል ሰንጥቆ ማለፍን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 በጸደቀ ሕግ ፈቅዳዋለች። እዚህ ዲሲ፣ ማሪላንድና ቨርጂኒያ አይፈቀድም፣ ሹፌሩም ስላልለመደው አይጠብቃችሁም። አዲስ አበባ የለመድነውን ሹልክ ብሎ ማለፍ እዚያው እንተወው። በምትኩ ያለንን መብት እንጠቀም። መኪና ከፍሎ በሚገባባቸው የቨርጂኒያ ኤክስፕረስ ሌኖች ላይ፣ መንገድ 495ም ሆነ 95፣ 395ና 66፣ ሞተር በነፃ ይገባል፤ ክፍያ የሚቆርጠው ኢዚ ፓስም አያስፈልገውም። ማሪላንድ፣ መንገድ 270 ላይ ከአንድ ሰው በላይ ለጫነ መኪና የተለየው የኤች ኦ ቪ ሌንም ብቻችሁን ብትሆኑ ለሞተር ክፍት ነው። እኔ ድልድዩን ተሻግሬ ኤክስፕረስ ሌን ስገባ ነው ትከሻዬ የሚፈታው። በመኪና የሚሄድ የሥራ ባልደረባዬ በጠዋቱ ሰዓት ለዚያው መንገድ ብዙ ዶላር ይከፍላል።

እጅና ፍሬን

ሁለት ነገር ብቻ፣ ግን እስኪዋሃዳችሁ ድረስ። አንደኛ መታጠፍ። ከመራመድ ፍጥነት በላይ ስትሄዱ ሞተር የሚታጠፈው ወደምትሄዱበት ጎን ያለውን እጀታ ወደፊት ስትገፉት ነው። ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኙን ግፉ፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሳናውቀው ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ግን አውቆ ያልተለማመደው ሰው ጎማ ወይም መሰላል መንገድ ላይ ወድቆ ሲያይ ይደርቃል። ይህን ያህል ክብደት ያለውን ሞተር በቶሎ ለማዘንበል ሰውነት ማወዛወዝ አይበቃም፣ ግፊቱ መለማመድ አለበት።

ሁለተኛ ፍሬን። ስትቆሙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ስለዚህ አብዛኛው የመቆም ኃይል የፊት ፍሬኑ ጋ ነው። አትንጠቁት። መጀመሪያ እንዲይዝ ነካ አድርጉ፣ ሾኩ ቁጭ ሲል አጥብቃችሁ ጨምቁ፣ ልክ ሎሚ እንደሚጨመቅ። ኤ ቢ ኤሱ ሲሠራ እጃችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ደንግጣችሁ አትልቀቁ።

የ2008ቱና ከዚያ ወዲህ ያለው ሃያቡሳ የኃይል መምረጫ አለው። በእኔው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል። ዝናብ ሲሆንና ጠዋት መንገዱ ሲቀዘቅዝ ሲ ላይ አደርገዋለሁ፣ ኃይሉ ለስለስ ብሎ ይመጣል። በከተማ ውስጥ አዲስ ለሆነ ሰው ለወራት ሲ ላይ መቆየት ነውር የለውም።

መሬቱን ማንበብም አለ። የብረት ሳህን፣ የማንሆል ክዳን፣ ነጭ ቀለም፣ የድልድይ መጋጠሚያ፣ በኅዳር የረጠበ ቅጠል፤ እነዚህ ላይ ቀጥ ብላችሁ፣ ፍሬን ሳትይዙ፣ ነዳጅ ሳትጨምሩ እለፉ። የካቲትና መጋቢት ላይ ውርጩ አስፋልቱን ሰንጥቆ ጉድጓድ ይከፍታል። ሲመሽ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይና ሮክ ክሪክ አካባቢ አጋዘን ይወጣል፤ አንዱን ካያችሁ ሌላው ከኋላው አለና ቀንሱ።

ሙቀት፣ ልብስ፣ ሰውነት

ሐምሌ ላይ ሞተሩ በሽፋን ተጠቅልሎ መኪና መሀል ሲቆም ይግላል። ውሃው ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ፋኑ ይነሳና ትኩሱን አየር እግራችሁ ላይ ይተፋል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሰልፉ ጨርሶ ከቆመ ሞተሩን አጥፉት፣ ራዲያተሩ ላይ የተሰካ ቅጠልና ነፍሳት በየወሩ አጽዱ። ፋኑ መነሳቱን ቤት ውስጥ ፈትሹ፤ ድልድይ ላይ መፈተሽ የለበትም።

ሄልሜት በዲሲም በማሪላንድም በቨርጂኒያም በሕግ ግዴታ ነው። አገጭ የሚሸፍን ይሁን። ልክ የሚሆነው ጉንጫችሁን ጨምቆ ሲይዝ ነው፤ ጭንቅላታችሁን ስታወዛውዙ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል። ያገለገለ አትግዙ። ለበጋ ንፋስ የሚያስገባ መረብ ጃኬት ከትከሻ፣ ከክርንና ከጀርባ መከላከያ ጋር፣ ለሞተር የተሠራ ጂንስ፣ ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። በ90 ዲግሪ ፋራናይት «ሱቅ ደርሼ ልመለስ» ብሎ በቲሸርት መውጣት ይመጣል። ያችው አጭር መንገድ አስፋልቷ ያው ናት።

ስፖርት ሞተር ላይ ወደ ፊት ስለምትደፉ ክብደታችሁ እጅ አንጓችሁ ላይ ያርፋል። ሳምንት ሳይሞላ ያማል። መፍትሔው ታንኩን በጉልበት አቅፎ መያዝ ነው፤ ያኔ ክርናችሁ ይፈታል። የጆሮ መድፈኛ አድርጉ፣ የንፋሱ ድምፅ ቀስ በቀስ ጆሮ ይገድላል። ሰው ከኋላ መጫንን በተመለከተ፣ እኔ ራሴን ችዬ አንድ ሙሉ ዓመት ሳልነዳ ባለቤቴን አልጫንኩም። ስትጫንም ሙሉ ልብስ ለብሳ ነው። «ለመቼው ነው?» ብላ ነበር በመጀመሪያ፣ አሁን ጓንቷን ራሷ ታመጣለች።

እንክብካቤ

በየሳምንቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ንፋሱን ለኩ። ለእኔው ፊትም ኋላም 42 ፒ ኤስ አይ ነው፤ የእናንተን መመሪያ መጽሐፉ ላይ እዩ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ አይዝም። ቤልትዌይ ቀጥታ ስለሆነ የኋላ ጎማ መሀሉ ብቻ ይበላና ጠፍጣፋ ይሆናል። ያኔ ሞተሩ መጀመሪያ አልታጠፍ ይላል፣ ከዚያ በአንዴ ይወድቃል። ጥርስ አለው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቀይሩት።

ካቴናውን በየ500 ማይሉ አጽድቼ እቀባለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው በእጅ እየተሽከረከረ! በተነሳ ሞተር ካቴና ሲያጸዱ ጣት ያጡ ሰዎች አሉ። መላላቱንም እለካለሁ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ካቴና ከላላው የባሰ ነው፤ ሾኩ ሲወርድ ይወጠርና ኩሽኔታ ይበላል። ዘይቱ ደግሞ ጄሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለው የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። ለመኪና የተሠራው ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ቤንዚን ፕሪሚየም ነው የምቀዳው።

ለሌባ፣ ከፊት ዲስኩ ላይ ቁልፍ፣ በተጨማሪ ወፍራም ሰንሰለት ከማይነቃነቅ ነገር ጋር። መሪውን ብቻ መቆለፍ አይበቃም፤ ሁለት ሰው አንስቶ ቫን ውስጥ ይከተዋል። የዲስኩን ቁልፍ ረስታችሁ እንዳትነዱ ከቁልፉ እስከ መሪው ደማቅ ገመድ እሰሩ። ሽፋን አልብሱት፤ ያልታየ ሞተር ብዙም አይታሰብም።

ታኅሣሥ ሲገባ ጨው መንገድ ላይ ይበተናል፣ የእኔ ያኔ ይቆማል። ታንኩን እስከ አፉ እሞላለሁ፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ እጨምርና አሥር ደቂቃ አስነስቼ ውስጥ ድረስ እንዲገባ አደርጋለሁ። ዘይቱን የምቀይረው ከመቆሙ በፊት ነው፣ የቆሸሸው ዘይት ክረምቱን ሞተሩ ውስጥ እንዳያድር። ባትሪውን ቀስ እያለ ከሚሞላው ቻርጀር ጋር አገናኘዋለሁ። በሁለት ሳምንት አንዴ ወርጄ ጎማዎቹ አንድ ቦታ ላይ እንዳይተኙ ትንሽ ገፋ አደርገዋለሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ዝናብ መጥቶ ጨውን ካጠበው በኋላ፣ ቤልትዌይ ከመግባቴ በፊት፣ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያው ባዶ ፓርኪንግ ነው።